ውኃው ከየት ገባ? የኩዌት ምድር ቤቶች፣ የባለቤቶች ኃላፊነትና የመድን ሽፋን

በበረሃማዋ ኩዌት የቤት ባለቤትን እንቅልፍ ከሚነሱ ጉዳዮች አንዱ ውኃ ነው ቢባል ለብዙዎች የሚታመን አይመስልም። አገሪቱ በዓመት የምታገኘው አማካይ ዝናብ ከ110 እስከ 120 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ይህ መጠን አዲስ አበባ በክረምቱ አጋማሽ በጥቂት ሳምንታት ከምታገኘው ያነሰ ነው። ሆኖም በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር 2011 ዓ.ም. መጀመሪያ (እ.ኤ.አ. ኅዳር 2018) በተከታታይ የጣለው ከባድ ዝናብ ጎዳናዎችንና የመኪና መተላለፊያ ዋሻዎችን በውኃ ሞልቷል። በፋሃሂል አካባቢ የሰው ሕይወት አልፏል፤ በኩዌት ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ በረራዎች ለሰዓታት ተቋርጠዋል፤ ትምህርት ቤቶችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ተዘግተዋል። የወቅቱ የሕዝባዊ ሥራዎች ሚኒስትር ሁሳም አል ሩሚ ጥቅምት 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ከሥልጣናቸው ለቀዋል።

ጎዳናው በቀናት ውስጥ ደርቋል። በየመኖሪያ ቤቱ ከመሬት በታች የቀረው ውኃና እርጥበት ግን ለወራት የዘለቀ ጥያቄ አስነስቷል። ለተበላሸው ወለል፣ ለተቃጠለው የኤሌክትሪክ መስመርና ለረጠበው ንብረት የሚከፍለው ማነው? ባለቤቱ ነው፣ ገንቢው ነው፣ መንግሥት ነው ወይስ የመድን ኩባንያ? የጥያቄው ምላሽ በአንድ ሌላ ጥያቄ ላይ የተንጠለጠለ ነው። እርሱም «ውኃው ከየት ገባ?» የሚለው ነው።

ሲርዳብ ለምን አስፈለገ?

በኩዌት ከመሬት በታች የሚሠራው ወለል በአረብኛ «ሲርዳብ» ይባላል። የወለሉ ተፈላጊነት ከአገሪቱ የቤት አሰጣጥ ሥርዓት ጋር ይያያዛል። የቤት ተጠቃሚ የሆነ ኩዌታዊ ቤተሰብ ከመንግሥት የቤቶች ጉዳይ ባለሥልጣን በአብዛኛው 400 ካሬ ሜትር ቦታ ይወስዳል፤ ለግንባታውም ከኩዌት ክሬዲት ባንክ 70 ሺህ ዲናር ብድር ያገኛል። ቦታው የተወሰነ፣ ቤተሰቡ ደግሞ ሰፊ በመሆኑ ወደ ላይ መሥራት ብቻ በቂ አይሆንም፤ ወደ ታችም ይቆፈራል። ሲርዳቡ ለእንግዳ መቀበያ፣ ለልጆች መጫወቻ፣ ለዕቃ ማከማቻ፣ ለልብስ ማጠቢያና በአንዳንድ ቤቶችም ለቤት ሠራተኞች ማደሪያ ያገለግላል።

ቀድሞ በጭቃ ጡብ ይሠራ የነበረው የኩዌት ቤት ከውኃ ጋር የነበረው ትግል ከመሬት በላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1934 የጣለው ዝናብ ብዙ ቤቶችን በማፍረሱ ያ ዓመት በአገሬው ዘንድ «የአፍራሿ ዓመት» ተብሎ ይታወሳል። በሲሚንቶና በብረት የተሠራው የዛሬው ቤት በዝናብ አይፈርስም፤ ዳሩ ግን ወለሉን ወደ መሬት ውስጥ በማውረዱ ከሌላ ዓይነት ውኃ ጋር ተገናኝቷል።

ሦስት ዓይነት ውኃ

ወደ ምድር ቤት የሚገባው ውኃ በምንጩ ሦስት ነው። የመጀመሪያው ከላይ የሚመጣው የዝናብና የጎርፍ ውኃ ነው። የኩዌት የዝናብ ወቅት ከጥቅምት እስከ ግንቦት የሚቆይ ቢሆንም ዝናቡ የሚወርደው ተከፋፍሎ ሳይሆን አንዳንዴ በጥቂት ሰዓታት ነው። የጎርፍ ማስወገጃ መስመሩ በአሸዋና በቆሻሻ ከተደፈነ ወይም ከአቅሙ በላይ ከተቀበለ ውኃው በመንገድ ላይ ይተኛል፤ ከዚያም በመኪና መውረጃው፣ በመስኮቱና በአየር ማስገቢያው በኩል ወደ ታች ይወርዳል። በማንሆልና በወለል ማፍሰሻ በኩል ወደ ኋላ ተመልሶ የሚወጣም አለ።

ሁለተኛው ከታች የሚመጣው የከርሰ ምድር ውኃ ነው። በኩዌት ከተማ ዙሪያ ባሉ የመኖሪያ ሰፈሮች የከርሰ ምድር ውኃ መጠን ከፍ ማለቱ ከአሥርተ ዓመታት በፊት የታወቀ ሲሆን፣ የኩዌት የሳይንሳዊ ምርምር ተቋም ባለሙያዎችም አጥንተውታል። ኩዌት የምትጠጣው ውኃ በአብዛኛው ከባሕር ተጣርቶ የሚመጣ ነው፤ የነዋሪዎቿ የነፍስ ወከፍ ፍጆታም በዓለም ከፍተኛ ከሚባሉት ውስጥ ይመደባል። ለአትክልት የሚጠጣው ትርፍ ውኃ፣ ከቧንቧና ከፍሳሽ መስመር የሚያፈተልከውም ወደ መሬት ይሰርጋል። በብዙ ቦታ ከአሸዋው በታች በአገሬው «ጋች» የሚባል ውኃ በቀላሉ የማያሳልፍ ጠጣር ንጣፍ በመኖሩ የሰረገው ውኃ ወደ ጥልቁ ሳይወርድ ከቤቶች መሠረት አጠገብ ይጠራቀማል። ይህ ውኃ ክሎራይድና ሰልፌት የተሰኙ ጨዎችን የያዘ በመሆኑ ኮንክሪትን ይበላል፣ በውስጡ ያለውን ብረትም ያዝጋል። በከፍተኛ ወጪ ከባሕር የተጣራው ውኃ ዞሮ የቤቱ ጠላት የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ሦስተኛው ከውስጥ የሚመጣው ነው። የፈነዳ ቧንቧ፣ የሞላ ታንከር፣ ያፈሰሰ የልብስ ማጠቢያ መኪና፣ የተቀደደ የአየር ማቀዝቀዣ ማስወገጃ ቱቦ ከዚህ ይመደባሉ። ሦስቱም ውኃዎች ወለሉ ላይ ሲተኙ አንድ ይመስላሉ፤ በሕግና በመድን ውል ፊት ግን የተለያዩ ናቸው።

ኃላፊነቱ የማን ነው?

መነሻው ቤቱን መጠበቅ የባለቤቱ ግዴታ መሆኑ ነው። የጣሪያ ማፍሰሻ ማጽዳት፣ ፓምፕ ማስገጠምና ማደስ፣ የውስጥ ቧንቧ ማስጠገን፣ ከመሬት በታች ያለውን ግድግዳ የውኃ ስርገት መከላከያ መከታተል በማንም ላይ ሊጣል የማይችል የባለቤትነት ሥራ ነው። ከእርሱ ቤት የወጣው ውኃ የጎረቤቱን ምድር ቤት ቢያበላሽም በጥፋቱ መጠን ይጠየቃል።

ገንቢውም ቢሆን ቁልፍ አስረክቦ ሲወጣ ከኃላፊነት ነጻ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1980 በወጣው አዋጅ ቁጥር 67 የተደነገገው የኩዌት የፍትሐ ብሔር ሕግ ሥራ ተቋራጩንና መሐንዲሱን በሙሉ ወይም በከፊል ለሚደርስ መፍረስ፣ እንዲሁም የግንባታውን ጽናትና ደኅንነት ለሚያሰጋ ጉድለት ለ10 ዓመት ተጠያቂ ያደርጋል። ክርክሩ የሚነሳው «የሚያሰጋ» በሚለው ቃል ላይ ነው። በግድግዳ ላይ የወጣ የእርጥበት ምልክት ብቻውን የቀለም ጉዳይ ሊባል ይችላል፤ ጨዋማው ውኃ ወደ ብረቱ ደርሶ ኮንክሪቱን ማስነሳት ከጀመረ ግን ጉዳዩ የጽናት ጉዳይ ይሆናል። ልዩነቱን በሙያ የሚያስረዳው የመሐንዲስ ሪፖርት ነው።

የጎዳናው የጎርፍ ማስወገጃ መስመር ሲያቅተው ደግሞ ዓይን ሁሉ ወደ መንግሥት ይዞራል። መስመሩን የመዘርጋትና የመጠበቅ ሥራ የሕዝባዊ ሥራዎች ሚኒስቴር፣ የግንባታ ፈቃድ የመስጠትና የመቆጣጠር ሥራ ደግሞ የኩዌት ማዘጋጃ ቤት ነው። ዳሩ ግን የመንግሥት አካልን ተጠያቂ ለማድረግ ጉድለቱንም፣ በጉድለቱና በጉዳቱ መካከል ያለውን ግንኙነትም ማስረዳት ያሻል። ዝናቡ ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ነበር የሚል መከላከያ ሊነሳም ይችላል።

መድኑ የሚሸፍነውና የማይሸፍነው

በኩዌት የተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን በሕግ ግዴታ ሲሆን የቤት መድን ግን በፈቃደኝነት የሚገባ ነው። ዘርፉ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሕግ ቁጥር 125 ራሱን የቻለ ተቆጣጣሪ ክፍል ያቋቋመለት ሲሆን የመድን ውል መሠረታዊ ደንቦች ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ተደንግገዋል። ደንቡ ምንም ይሁን ምን፣ መድን ገቢው የሚያገኘው ሽፋን በውሉ ውስጥ የተጻፈውን ያህል ነው።

በዓለም ዙሪያ የተለመደው የቤት መድን ውል «ድንገተኛ» በሚለው ሐሳብ ላይ ይቆማል። በድንገት የፈነዳ ቧንቧ ያደረሰው ጉዳት ብዙውን ጊዜ ይሸፈናል። ቀስ በቀስ የሰረገ ውኃ ግን አይሸፈንም፤ ምክንያቱም መድን የሚገባው ለሚደርስ አይደርስም ለማይታወቅ አደጋ እንጂ እየታየ ለሚመጣ እርጅናና የጥገና ጉድለት አይደለም። የከርሰ ምድር ውኃ በአብዛኛው ከሽፋን ውጪ ከሚደረጉት ጉዳዮች አንዱ ነው። ጎርፍና ከፍሳሽ መስመር ወደ ኋላ የሚመለስ ውኃ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ተጨማሪ አረቦን ተከፍሎባቸው በተለይ ካልተጻፉ አይካተቱም። እያሳሳቀ የሚወስደው የስርገት ውኃ፣ ለኩዌት ምድር ቤቶች የዘወትር ሥጋት የሆነው ማለት ነው፣ ከመድን የራቀ ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ሽፋኑ ቢኖርም ሦስት ነገሮች ክፍያውን ሊቀንሱ ይችላሉ። አንደኛው በእያንዳንዱ ጉዳት መድን ገቢው ራሱ የሚሸከመው የመጀመሪያ ድርሻ ነው። ሁለተኛው ንብረትን ከዋጋው በታች አስገምቶ መድን መግባት ነው። ለምሳሌ 40 ሺህ ዲናር የሚያወጣ ንብረት በ20 ሺህ ዲናር መድን ቢገባለትና የ10 ሺህ ዲናር ጉዳት ቢደርስ፣ የመመጣጠን ደንብ ባለበት ውል የሚከፈለው 5 ሺህ ዲናር ብቻ ይሆናል። ሦስተኛው ጉዳቱን ለመቀነስ አለመሞከር ነው። ውኃ እየገባ ዕቃውን ያላነሳ፣ ፓምፕ ያላስነሳ፣ ለኩባንያው በጊዜ ያላስታወቀ ሰው ካሳ የመጠየቅ አቅሙን በገዛ እጁ ያዳክማል።

ምንጩን ማረጋገጥ የክርክሩ ማዕከል የሚሆነውም ለዚህ ነው። ከባሕር የተጣራው የቧንቧ ውኃ ጨው የሌለው ለማለት የሚያስደፍር ሲሆን የከርሰ ምድሩ ውኃ ጨዋማ ነው፤ የፍሳሽ ውኃም በሽታውና በባክቴሪያው ይለያል። አንድ ጠርሙስ ናሙና ወስዶ ማስመርመር፣ ውኃው የገባበትን ቦታና የደረሰበትን ከፍታ ገና ሳይጸዳ ፎቶግራፍ ማንሳት በሺህ ዲናሮች የሚቆጠር ልዩነት ሊያመጣ ይችላል።

ካሳና ውል

በ2011 ዓ.ም. ከደረሰው ጎርፍ በኋላ የኩዌት ካቢኔ ጉዳት ለደረሰባቸው ካሳ እንደሚከፈል አስታውቋል። እርምጃው ብዙ ቤተሰቦችን ያጽናና ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለ ካሳ የመንግሥት ውሳኔ እንጂ አስቀድሞ የተገባ ውል አይደለም። መቼ እንደሚከፈል፣ ስንት እንደሚሆን፣ ማንን እንደሚያካትት የሚወሰነው ከአደጋው በኋላ ነው። ዜጋው ቀድሞ ሊተማመንበት የሚችለው በጽሑፍ የያዘውን ነው።

ተመሳሳይ ጥያቄ በጎረቤት አገርም ተነስቷል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 16 ቀን 2024 በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ የጣለው ዝናብ መመዝገብ ከተጀመረበት ከ1949 ወዲህ ከፍተኛው የተባለ ነበር። የአገሪቱ ካቢኔ የዜጎችን ቤቶች ለመጠገን 2 ቢሊዮን ድርሃም መድቧል። ከነዋሪው አብዛኛው የውጭ ዜጋ በሆነበት አገር በ«ዜጎች ቤት» ውስጥ የማይካተተው ሰው ብዙ ነው፤ እርሱ የሚመለከተው ወደ መድን ውሉ ወይም ወደ ኪሱ ነው።

ሌሎች አገሮች ጉዳዩን በሥርዓት ለመያዝ ሞክረዋል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1968 የተቋቋመው ብሔራዊ የጎርፍ መድን መርሐ ግብር አለ። ይህ መርሐ ግብር እንኳ ለምድር ቤት የሚሰጠው ሽፋን ጠባብ ነው፤ የውኃ ማሞቂያን፣ የኤሌክትሪክ ሳጥንን፣ የልብስ ማጠቢያ መኪናን የመሰሉትን ሲሸፍን የወለል ምንጣፍንና የቤት ዕቃን አይሸፍንም። አዲስ የሚገባ ውልም እንደ ደንቡ የሚጸናው ከ30 ቀን በኋላ ነው። ዝናቡ ሲያስገመግም መድን መግባት ዋጋ የለውም ማለት ነው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ የጀመረው የጎርፍ መድን መደገፊያ ሥርዓት ደግሞ ከ2009 ወዲህ የተሠሩ ቤቶችን አያካትትም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ጎርፍ በሚያሰጋው ቦታ አዲስ ለሚገነባ ሰው ሌላው አረቦን ከፋይ ዋስ እንዳይሆን ነው። ለኩዌት አዳዲስ ከተሞች ይህ ልብ ሊባል የሚገባው ጉዳይ ነው። በ2011 ዓ.ም. ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ የነበረው በደቡብ የሚገኘው ሳባህ አል አህመድ ያረጀ ሰፈር ሳይሆን በቅርብ የተገነባ ከተማ ነው።

በሲርዳቡ የሚያድረው ሰው

ጉዳዩ ለኢትዮጵያውያን የሩቅ አይደለም። በኩዌት ቤቶች በርካታ ኢትዮጵያውያን እህቶች በቤት ሠራተኝነት ይኖራሉ፤ ከእነርሱም ማደሪያቸው ከመሬት በታች የሆነ አለ። ውኃ ሲገባ ቀድሞ የሚነካው የእነርሱን ፍራሽ ነው። በዓመታት ድካም የተገዛ ልብስ፣ ለቤተሰብ ሊላክ የተዘጋጀ ዕቃ፣ ስልክና ሰነድ በአንድ ሌሊት ሊበላሽ ይችላል።

የኩዌት ሕግ ለውጭ ዜጋ የመኖሪያ ቤት ባለቤትነትን በእጅጉ የገደበ በመሆኑ በዚህ ጉዳይ ውል የሚገባው፣ የሚከራከረውና ካሳ የሚቀበለው በአብዛኛው ኩዌታዊው ባለቤት ነው። ሠራተኛዋ በውሉ ውስጥ ስሟ የለም። በቤት ውስጥ የሚኖሩ ሠራተኞችን ንብረት በተወሰነ መጠን የሚያካትቱ የመድን ውሎች አሉ፤ ይህ ግን በውሉ መጻፉ መረጋገጥ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 አሠሪው ለሠራተኛው ተገቢ ማደሪያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ውኃ በተደጋጋሚ የሚገባበት፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ የሚረጥብበት ክፍል ተገቢ ማደሪያ ሊባል አይችልም።

ከንብረቱ በላይ ደግሞ ሕይወት አለ። እ.ኤ.አ. መስከረም 1 ቀን 2021 «አይዳ» የተባለው ማዕበል ቅሪት በኒውዮርክ ከተማ ዝናቡን ሲያወርደው ከሞቱት 13 ሰዎች 11ዱ ሕይወታቸው ያለፈው በምድር ቤት ውስጥ ነበር። ውኃ ከውጭ በሩን ሲገፋ ከውስጥ መክፈት ከባድ ነው፤ መስኮቱም ለመውጣት ጠባብ ሊሆን ይችላል። አንድ መውጫ ብቻ ባለው ሲርዳብ ሰው ማሳደር በየትኛውም የመድን ውል ሊካስ የማይችል አደጋ ነው።

ከዝናቡ በፊት

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆን ሥራው ከጥቅምት በፊት መጀመር አለበት። የጣሪያና የግቢ ማፍሰሻዎችን ማጽዳት፣ በመኪና መውረጃው አፍ ላይ ውኃ የሚያግድ ከፍታ መሥራት፣ ከፍሳሽ መስመሩ ውኃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ ማስገጠም፣ ፓምፑን መብራት ቢጠፋም በሚሠራ ኃይል መደገፍ፣ የኤሌክትሪክ ሶኬቶችን ከወለል ከፍ ማድረግ፣ አትክልት የሚጠጣውን ውኃ መቀነስ፤ እነዚህ ሁሉ ከጥገና ወጪው ጋር ሲነጻጸሩ ጥቂት ናቸው። የመድን ውሉንም ቢሆን በአራት ጥያቄዎች መፈተሽ ይገባል። ጎርፍ በስሙ ተጽፏል? የፍሳሽ መመለስስ? የምድር ቤቱ ዕቃ ተካቷል? በቤቱ የሚኖሩ የሌሎች ሰዎች ንብረትስ?

ትምህርቱ ለአዲስ አበባም ይሠራል። በከተማዋ ሕንፃዎች ለመኪና ማቆሚያ፣ ለመጋዘንና ለሱቅ የሚሆን ወለል ከመሬት በታች ማውጣት የተለመደ ሆኗል፤ የክረምቱ ዝናብ ደግሞ ከኩዌቱ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም ለሕንፃ ሥራ ተቋራጩ የ10 ዓመት ዋስትና ያስቀምጣል፤ የሕንፃ ባለቤትም ሕንፃው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። የጎርፍ አደጋ ከእሳት አደጋ መድን ጋር በተጨማሪነት ሊገባ የሚችል ሽፋን ነው። መብቱና ግዴታው በሕግ ተቀምጧል፤ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ሰነዱን ቀድሞ ማንበብና ማፍሰሻውን ቀድሞ መጥረግ ነው።

የኩዌት ተሞክሮ የሚያሳየው ከመሬት በታች የሚሠራ ወለል ትርፍ ቦታ ብቻ ሳይሆን ትርፍ ኃላፊነትም መሆኑን ነው። መንግሥት መስመሩን፣ ተቋራጩ ግድግዳውን፣ የመድን ኩባንያው ድንገተኛውን አደጋ ሊሸከሙ ይችላሉ። በየቀኑ እየሰረገ የሚገባው ውኃና በዚያ ወለል ላይ የሚተኛው ሰው ደኅንነት ግን በመጨረሻ የሚወድቀው ቁልፉን በያዘው ባለቤት ትከሻ ላይ ነው።